የቀጥቃጭ ልጅ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የአንዲት ስድብ ታሪክ ላጫውታችሁ።

ወገል ጤና አካባቢ አራተኛ ክፍል ሳለን አባቱ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ልጅ አብሮን ይማር ነበር። ስሙንም ትምህርት ቤቱንም አልጠራም። ምሳ ሰዓት ላይ እሱ ሲመጣ ዳቧችንን እንደብቃለን፤ «ቡዳ ነው፣ ይበላናል» እያልን። አንድ ቀን አንዱ ጤና አዳም ቀጥፎ አፍንጫው ሥር ወሸቀለት። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ለመምህሩ ቢናገር «የልጅ ጨዋታ ነው፣ ሂድ ተቀመጥ» ተባለ። ከገና በኋላ አልተመለሰም። አባቱ የሠራው ማረሻ ግን የእኛን ማሳ ብዙ ዓመት አርሷል።

ስድቡን እኛ ልጆቹ አልፈጠርነውም፤ ከቤት ሰምተን ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በ1860 ዓ.ም. ያለፉት በዚሁ በእኛ በደላንታ ነው። ብረት ሠሪን እንዲያ የፈለጉት ንጉሥ ራሳቸው በወጣትነታቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብለዋል። ደጃዝማች ወንድይራድ በዚህ ስድብ ፎክሮ ዘመተ፣ ተማረከ፣ ካሳም ኮሶ አጠጡት ይባላል። የተሰደበ ሰው አይረሳም።

በ1900 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ምኒልክ አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን በሥራው መስደብ ከለከሉ፤ ሁላችንም የአዳምና የሔዋን ልጆች ነን፣ የሰደበ እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል፣ ይታሰራልም አሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደነገገ። ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው። ግን አዋጅ በዕረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ አይቆምም።

ታዲያ ማን ይቁም? ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 ሦስት ልጆች በእኩዮቻቸው ተሰቃይተው ራሳቸውን አጠፉ። በዓመቱ መንግሥት አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረ፤ ዳን ኦልቬውስ የተባለው ተመራማሪም በበርገን ከተማ ትምህርት ቤቶች የተደረገውን ተከታተለ። የተሠራው ሥራ ተአምር አይደለም። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ሜዳው ላይ ይቆማሉ። ክፍሉ የራሱን ደንብ ያወጣል፦ አናሸማቅቅም፣ የሚሸማቀቀውን እናግዛለን፣ ብቻውን የቀረውን እናስጠጋለን። ነገር ሲነሳ አጥቂውም ተጠቂውም ለየብቻ ይጠየቃሉ፣ ወላጅም ይጠራል። በሁለት ዓመት ውስጥ ችግሩ በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ይሄ ለእኛ ይከብዳል? ኧረ አይከብድም! የሚፈልገው አንድ መምህር ከቢሮ ወጥቶ ሜዳው ላይ መቆሙን ነው። «አካፋን አካፋ» ማለት የምናውቅ ሰዎች ማሸማቀቅን «የልጅ ጨዋታ» ማለቱን እንተው። የተናገረውን ልጅ «ሂድ ተቀመጥ» ካልነው ሁለተኛ አይነግረንም።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። በዕረፍት ሰዓት ሻይዬን ይዤ ሜዳው ዳር እቆማለሁ። መጀመሪያ የማየው የሚሳደበውን አይደለም፤ ዳር ቆመው የሚስቁትን ነው፣ እኔ የነበርኩት እዚያ ነዋ።

ያ ልጅ ይህን ካነበበ፦ ስቄብህ ነበር። ይቅር በለኝ።

እስኪ እናንተም፣ በእናንተ ክፍል ማን ነበር ብቻውን የሚበላው?