የጠፋው ፋይል ለምን አልተመለሰም? ኤስኤስዲ የሚያገለግለውን መረጃ ከተሻረው የሚለይበት መንገድ

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፏ ያሰባሰበቻቸውን ቃለ መጠይቆች የያዘውን ፎልደር በስህተት አጥፍታ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጋዋለች። “አንተ ታወጣልኛለህ” አለችኝ። እኔም አላመነታሁም፤ ከአሮጌ ሃርድ ዲስኮች ላይ የጠፉ ፋይሎችን ለብዙ ሰው መልሻለሁና። ፕሮግራሙን አስነሥተን ለአንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። የፋይሎቹ ስም አንድ በአንድ ወጣ። ሲከፈቱ ግን ውስጣቸው ከዜሮ በቀር ምንም አልነበረም።

ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ሳይሆን ኤስኤስዲ ነበር። ብዙዎቻችን የሁለቱ ልዩነት ፍጥነት ብቻ ይመስለናል። ዋናው ልዩነት ግን ኤስኤስዲ የትኛው መረጃ ያገለግላል፣ የትኛው ተሽሯል የሚለውን ራሱ መዝግቦ መያዝ ያለበት መሆኑ ነው።

ለምን መመዝገብ አስፈለገው?

በሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ስናጠፋ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቦታው ነፃ መሆኑን ይመዘግባል እንጂ መረጃውን አይነካውም። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የቀድሞው እዚያው ይቆያል። ዲስኩም በአሮጌው ላይ ደርቦ መጻፍ ስለሚችል የትኛው መረጃ እንደሚያስፈልግ ማወቅ አይጠበቅበትም።

ፍላሽ ሜሞሪ ግን ይህን አይችልም። ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሳለ የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1984 ይፋ የሆነው ይህ ቴክኖሎጂ አንድ ጠባይ አለው፤ የተጻፈበት ቦታ ሳይደመሰስ እንደገና አይጻፍበትም። መረጃ የሚጻፈው “ገጽ” በሚባል ክፍል ነው። አንድ ገጽ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 16 ኪሎባይት ይይዛል። የሚደመሰሰው ግን በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ያሉት “ብሎክ” በሙሉ ነው።

በእስክሪብቶ የሚጻፍበትን ደብተር እናስብ። አንድ ገጽ ማረም ብንፈልግ አዲስ ገጽ ላይ እንጽፍና አሮጌውን “የተሻረ” ብለን ምልክት እናደርግበታለን። ደብተሩን መልሰን ባዶ ማድረግ ካሻን ያልተሻሩትን ገጾች ወደ ሌላ ደብተር መገልበጥ ግድ ይላል።

መዝገቡ እንዴት ይያዛል?

ይህን ሥራ የሚሠራው የኤስኤስዲው ኮንትሮለር ነው። የመጀመሪያው መዝገቡ እያንዳንዱ መረጃ በየትኛው ገጽ ላይ እንደሚገኝ የሚያሳይ አድራሻ ነው። ሁለተኛው መረጃው የሚያገለግል ወይም የተሻረ መሆኑን ያሳያል። ለዚህ አንድ ቢት ይበቃል፤ 1 የሚያገለግል፣ 0 የተሻረ ማለት ነው።

ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ በ4 ኪሎባይት ቢከፋፈል ወደ 244 ሚሊዮን የሚጠጉ ክፍሎች ይኖሩታል። ለእያንዳንዱ 4 ባይት አድራሻ ከተያዘ የአድራሻው መዝገብ ብቻውን 1 ጊጋባይት ያህል ራም ይወስዳል። የቢቱ መዝገብ ግን ወደ 30 ሜጋባይት ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ለመቆጠብ በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ስንት የሚያገለግል መረጃ እንዳለ የሚቆጥር አንድ ቁጥር ራም ላይ ይዞ፣ ዝርዝሩን ፍላሹ ላይ አስቀምጦ ሲያስፈልግ ብቻ ማንበብ ይቻላል።

ያ ቁጥር ትልቅ ጥቅም አለው። ነፃ ቦታ ሲያንስ ኮንትሮለሩ የሚያጸዳውን ብሎክ መምረጥ አለበት። 100 ገጾች ባሉት ብሎክ ውስጥ 90ዎቹ የሚያገለግሉ ከሆኑ፣ 10 ገጽ ለማግኘት 90 ገጽ መገልበጥ ሊኖርበት ነው። የሚያገለግሉት 20 ብቻ ከሆኑ ግን 20 ገልብጦ 80 ያተርፋል። ፍላሽ የሚደመሰስበት ጊዜ የተወሰነ በመሆኑ ከንቱ ግልበጣ ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን ዕድሜንም ይበላል።

ትሪም የሚባለው ትእዛዝ

አንድ ችግር ይቀራል። ፋይል ስናጠፋ የሚያውቀው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ኤስኤስዲው ካልተነገረው የተጣለውን ሁሉ እንደ ንብረት ሲገለብጥ ይኖራል። ይህን የሚፈታው ትሪም ነው። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በ2009 ይዞት መጣ፤ ሊኑክስና ማክም ተከተሉት። ፋይል ሲጠፋ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ “እነዚህ ቦታዎች አያስፈልጉኝም” ብሎ ያሳውቃል፤ ኮንትሮለሩም ይሽራቸዋል። ከዚያ በኋላ መረጃው ፍላሹ ላይ ለጊዜው ቢኖር እንኳ ብዙዎቹ ኤስኤስዲዎች ለጠየቃቸው ዜሮ ይመልሳሉ። የባልደረባዬም ፋይሎች የጠፉት በዚህ መንገድ ነው። ለኤስኤስዲው ዕድሜ የበጀው ሥርዓት ለእሷ አልበጀም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ኤስኤስዲን እስከ አፍንጫው አንሙላው። ከ10 እስከ 20 በመቶ ቦታ ነፃ ብንተው ኮንትሮለሩ የሚገለብጠው ይቀንስለታል። ሁለተኛ፣ ለሃርድ ዲስክ የለመድነውን ዲፍራግመንት የማድረግ ልማድ እንተው፤ ጥቅሙ እምብዛም ሲሆን ጽሑፍ ያበዛበታል። ሦስተኛ፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ ራም ላይ ያለው መዝገብ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ኤስኤስዲው ከገጾቹ ጋር ከተጻፈው ምልክት መልሶ ሊያደራጀው ቢችልም በመጻፍ ላይ የነበረው መረጃ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ለቢሮ ዴስክቶፕ ዩፒኤስ አይጥፋ። አራተኛ፣ ፋይል በስህተት ካጠፋን ኮምፒውተሩን ወዲያው ማጥፋት ይሻላል፤ ሆኖም ትሪም አስቀድሞ ከሠራ ተስፋው የመነመነ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ነው። ኤስኤስዲ የሚያገለግለውንና የተሻረውን የሚለየው እኛ በነገርነው መሠረት ነው፤ መሳሳታችንን አያውቅልንም። ባልደረባዬ ከቃለ መጠይቆቹ ከፊሎቹን በስልኳ ቀድታቸው ስለነበር ተረፉ። የቀሩትን ሰዎች ግን እንደገና እየደወለች ለመለመን ተገዳለች። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።