የቡድን ደቂቃና የግል ደቂቃ፦ የቅርጫት ኳስ ልምምድ አከፋፈል ታሪክ

ስለ ቅርጫት ኳስ የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት ስለ ውድድሮችና ስለ ታላላቅ ተጫዋቾች በስፋት ሲተርኩ፣ የውድድሩ መሠረት የሆነውን የልምምድ ሰዓት አከፋፈል ግን የሚያነሡት በጥቂቱ ነው። የቡድን ልምምድ የሚባለው አምስቱ ተጫዋቾች በማጥቃትና በመከላከል እንደ አንድ አካል መንቀሳቀስ የሚማሩበት ሲሆን፣ የግል ልምምድ የሚባለው ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች ውርወራውን፣ ኳስ ማንጠሩንና የእግር አጣጣሉን ለብቻው የሚያርምበት ነው። ሰዓቱ የተወሰነ በመሆኑ ለአንደኛው የተሰጠ ደቂቃ ከሌላኛው የተነጠቀ ነው የሚለው እምነት ዛሬ ማስረጃ የማያሻው እውነት መስሎ ቢታይም፣ በታሪክ ዓይን ሲመረመር ዘግይቶ የመጣ፣ ያውም በከፊል ብቻ ትክክል የሆነ እምነት ነው።

ጨዋታው ሲወለድ ጥያቄው ራሱ አልነበረም። ጄምስ ኔይስሚዝ በዲሴምበር 1891 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የወወክማ ማሠልጠኛ 18 ተማሪዎችን ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ከፍሎ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በሰቀለ ጊዜ፣ ያሰበው የበረዶውን ወራት በአዳራሽ ለሚያሳልፉ ወጣቶች የሰውነት ማፍታቻ መፍጠር ስለነበረ፣ ጨዋታው ራሱ ልምምድ ነበር። በ1898 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ቡድን ሲመራ ያስመዘገበው ውጤት 55 ድልና 60 ሽንፈት ሲሆን፣ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠበት ብቸኛው አሠልጣኝ የጨዋታው ፈጣሪ ራሱ መሆኑ የታሪክ ቀልድ ይመስላል። አሠልጣኝነትን ሙያ ያደረገው ተማሪው ፎግ አለን ነው፤ ከእርሱም እጅ አዶልፍ ረፕና ዲን ስሚዝ ወጥተዋል።

የግል ልምምድ ግን ከአዳራሹና ከአሠልጣኙ ርቆም ፍሬ ያፈራ ነበር። ኬኒ ሴይለርስ በ1934 በዋዮሚንግ ግዛት ገጠር ታዳጊ ሳለ፣ በቁመት እጅግ የሚበልጠውን ታላቅ ወንድሙን ማለፍ ቢያቅተው ዘሎ በአየር ላይ እያለ መወርወር ጀመረ፤ ይህም ዛሬ ጃምፕ ሾት የሚባለው ውርወራ ከተገኘባቸው ቀደምት ምንጮች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። የግል ልምምድን ሆን ብሎ በአሠልጣኝ እጅ ካስገቡት መካከል የቺካጎው የዲፖል ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሬይ ሜየር ስሙ ይነሣል፤ በ1942 ቁመቱ 2.08 ሜትር የሆነውን፣ እንቅስቃሴው ግን ዝግ ያለውን ጆርጅ ማይከንን ገመድ እያዘለለ፣ ቦክስ እያሠራ፣ ዳንስ ሳይቀር እያስተማረ በሁለቱም እጆቹ በቅርጫቱ ሥር መወርወርን አስለመደው። ውጤቱ ከሚጠበቀው በላይ ስለሆነ ሕጉ ተጫዋቹን ተከትሎ መለወጥ ግድ ሆነበት፤ በ1951 ኤንቢኤ በቅርጫቱ ፊት ያለውን ቀጠና ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ ያሰፋው በዋናነት ማይከንን ከቅርጫቱ ለማራቅ ነበር።

ሁለቱን የልምምድ ዓይነቶች ከማንም በላይ ያስታረቀው ከ1948 እስከ 1975 የሎስ አንጀለሱን ዩሲኤልኤ ያሠለጠነውና በመጨረሻዎቹ 12 ዓመታት 10 ጊዜ የአገሪቱን የኮሌጆች ዋንጫ የወሰደው ጆን ዉደን ነው። ዉደን የዕለቱን ልምምድ እያንዳንዱ ደቂቃ የሚውልበትን አስቀድሞ በትንሽ ካርድ ላይ ጽፎ ይገባ የነበረ ሲሆን፣ አንድን እንቅስቃሴ መጀመሪያ በሙሉው አሳይቶ፣ ቀጥሎ ወደ ክፍሎቹ በትኖ፣ በመጨረሻ መልሶ በመግጠም ያስተምር ስለነበር፣ በእርሱ ሜዳ ላይ የግል ልምምዱ የሚያበቃበትንና የቡድኑ የሚጀምርበትን ድንበር ማስመር አዳጋች ነበር። በ1974–75 የውድድር ዘመን ሮናልድ ጋሊሞርና ሮላንድ ታርፕ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በልምምዱ ላይ ተገኝተው 2,326 የማስተማር ድርጊቶችን ሲመዘግቡ፣ ከአራቱ ሦስቱ እጅ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚሠራ የሚነግሩ አጫጭር ትምህርቶች ሆነው አገኟቸው፤ ውዳሴውም ተግሣጹም እያንዳንዳቸው 7 በመቶ እንኳ አልሞሉም። እነዚሁ ምሁራን በ2004 ጉዳዩን መልሰው ሲመረምሩት፣ በወቅቱ ድንገተኛ የመሰለው እርማት ለእያንዳንዱ ተጫዋች አስቀድሞ ከታሰበ ዝርዝር ዕቅድ የመነጨ መሆኑን ተገንዝበዋል። እንግዲህ ዉደን ሰዓቱን ለሁለት አልከፈለውም፤ አንዱን ደቂቃ ሁለት ጊዜ ተጠቀመበት ማለት ይቀላል።

መለያየቱን በጽሑፍ ያጸናው ሕግ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ በአጭር ስሙ ኤንሲኤኤ፣ ተማሪዎች በስፖርት ሳቢያ ከትምህርት እንዳይርቁ በማሰብ ከ1991 ጀምሮ የልምምዱን ጊዜ በውድድር ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀንም 4 ሰዓት ላይ ወሰነ፤ ከውድድር ወቅት ውጭ ደግሞ 8 ሰዓት ብቻ ፈቅዶ፣ ከዚያ ውስጥ ለግል ክህሎት ትምህርት የሚውለውን 2 ሰዓት አደረገው። ገደቡ የማይነካ ሀብት ስለሆነ አሠልጣኞች እንደ ገንዘብ ያዥ መቁጠር ጀመሩ።

በ2000ዎቹ ዋት ኢፍ ስፖርትስ በተባለው ድርጅት አማካይነት ለተጠቃሚ የቀረበው ሁፕስ ዳይነስቲ፣ ማለትም ተጫዋቹ የአንድ ኮሌጅ አሠልጣኝ ሆኖ ቡድን የሚያስተዳድርበት የኮምፒዩተር ማስመሰያ ጨዋታ፣ ይህንኑ ቆጠራ ወደ ንጹሕ ሒሳብ ለወጠው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ አሠልጣኙ ውሱን ደቂቃዎችን ለማጥቃትና ለመከላከል ስልት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ፍጥነት፣ ውርወራና መሰል ክህሎቶች፣ እንዲሁም ለጥናት ሰዓት ያከፋፍላል፤ የቡድን ልምምድ ሲጓደል ተጫዋቾቹ ስለ ስልቱ ያላቸው ግንዛቤ፣ በፊደል የሚሰጠው ማዕረግ፣ ያሽቆለቁላል፤ ጥናት ሲጓደል ልጁ ከሜዳ ይታገዳል። ሁለት የመከላከል ስልት ለማስተማር የሚሞክር ሰው ደቂቃውን በትኖ ሁለቱንም በግማሽ ልብ የያዘ ቡድን ያገኛል፤ በአንጻሩ የግል ልምምድ ጥቅሙ በልጁ ትጋትና ገና ባልተገለጠ አቅሙ የሚወሰን በመሆኑ፣ አቅሙ በተሟጠጠ ክህሎት ላይ የሚፈሰው ደቂቃ ባክኖ ይቀራል። ጨዋታው ለምርጫ የሚከፈለውን ዋጋ በማሳየት ረገድ ከብዙ የአሠልጣኝነት መጻሕፍት ይልቃል፤ ጉድለቱ ግን በሁለት ዓምድ የጻፈው ነገር በዉደን ካርድ ላይ አንድ መስመር መሆኑ ነው። ውድድሩ የሚካሄድባቸው ትይዩ ዓለማት በታላላቅ አሠልጣኞች ስም የተሰየሙ ሲሆን፣ ከኔይስሚዝ፣ ከአለንና ከረፕ ጎን አንደኛው ዓለም ዉደን ይባላል።