መርማሪው ሲደርስ ሹሙ የት ነው? የኩፋው ምርመራና የ1960 ዓ.ም. የጎጃም አቤቱታ

በሹም ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ከሌላው ክስ የሚለየው ተከሳሹ በከሳሹ ላይ ሥልጣን ያለው በመሆኑ ነው። የአቤት ባዩን ግብር የሚተምነው፣ መዝገቡን የሚይዘው፣ ሲፈልግም የሚያስረው ያው የተከሰሰው ሰው ነው። ስለዚህ የመርማሪው ሐቀኝነት ብቻውን አይበቃም። ምስክር ቃሉን በሚሰጥበት ሰዓት ሹሙ በወንበሩ ላይ መኖር አለመኖሩ የምርመራውን ዕጣ ይወስናል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ነጥብ በሁለት የታሪክ ክስተቶች አማካይነት እንመለከታለን። አንዱ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም፣ ሌላው በሁለተኛው ኸሊፋ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዘመን በኩፋ የተፈጸመ ነው። ዘመኑም አገሩም ቢራራቅም ጥያቄው አንድ ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የጅጋ አካባቢ ገበሬ በሹም ሲበደል አቤቱታውን ይዞ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነበር። ከወረዳው ይነሣል፤ ወደ ቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ መቀመጫ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ይዘልቃል። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንኛውም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ደንግጎ ነበር። ይሁንና ከጅጋ እስከ አዲስ አበባ ያለው ጎዳና ከ350 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከርቀቱ የባሰው ግን እያንዳንዱ የአቤቱታ ደጃፍ የበላዩን ሹም በሚፈራ፣ አንዳንዴም ራሱ በተከሰሰ ባለሥልጣን እጅ መሆኑ ነው።

በ1950ዎቹ ጠቅላይ ግዛቱን ያስተዳድሩ በነበሩት በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴና በበታቾቻቸው ላይ የተከማቸው ስሞታ በዚህ መንገድ ላይ የቀረ ነበር። ሕዝቡ ያለ አግባብ መዋጮ ተጣለብን፣ በጦር መሣሪያ ምዝገባ ሰበብ ገንዘብ ተወሰደብን፣ ያለ ጉቦ ጉዳያችን አይታይም እያለ ያማርር ነበር። በ1960 ዓ.ም. አሥራትን የሚተካው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ቁጣው ገነፈለ። አዋጁ ምርትን የሚገምቱ ሰዎች ወደየማሳው እንዲሄዱ ያዝዝ ነበርና ባለ ርስቱ ግምቱን የመሬት ልኬታ፣ ልኬታውንም ርስት የመንጠቂያ መንገድ አድርጎ ተረዳው። ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ለዐመፅ ተነሡ። ከመሐል አገር የተላኩ ሹማምንት ሕዝቡን ሊያግባቡ ሞከሩ፤ ያ አልሆን ሲል ጦር ዘመተ፤ መንደሮችም በአውሮፕላን ተደበደቡ። በመጨረሻ ገዥው ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተተኩ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ደጃዝማች ፀሐዩ ግን የከፋ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ሆነው ተዛወሩ።

የዐመፁ መንስኤ አዋጁ ነበር ወይስ የሹማምንቱ አድራጎት የሚለውን ለይቶ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነው። የሚገምተውን ሹም ያላመነ ሕዝብ ግምቱን አያምንም። እኛ ልናተኩርበት የምንሻው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ስሞታው ቀደመ፤ ጦሩ ተከተለ፤ የሹሙ መነሣት የሁሉ መጨረሻ ሆነ። መዛወርም ፍርድ አይደለም። ገዥው ንጹሕ ከነበሩ ስማቸው አልጠራም፤ በዳይ ከነበሩም በደሉ አገር ለወጠ እንጂ አልቆመም። የውዝፍ ምሕረቱም ቢሆን ያልተከፈለን ዕዳ ይሰርዛል እንጂ ያለ አግባብ የተከፈለን ገንዘብ ለባለቤቱ አይመልስም።

ወደ ኩፋ እንለፍ። ቡኻሪ እንደዘገቡት የኩፋ ሰዎች በገዥያቸው በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ላይ ለዑመር ከሰሱ። ሰዕድ ቀደምት ሶሐባና የቃዲሲያ ዘመቻ አዛዥ ነበሩ፤ ስሞታው ሶላታቸውን እስከ መንቀፍ ደርሶ ነበር። ዑመር በመጀመሪያ ሰዕድን ከሥልጣን አነሡና ዐማርን ሾሙ። ከዚያ በኋላ ሰዕድን ከመርማሪዎች ጋር ወደ ኩፋ መለሷቸው። የታሪክ ጸሐፍት የመርማሪውን ስም ሙሐመድ ኢብኑ መስለማህ ይሉታል። መርማሪዎቹ መስጂድ ለመስጂድ እየዞሩ ሕዝቡን ጠየቁ። በየደረሱበት ሰዕድ ሲመሰገኑ ቆዩና በበኑ ዐብስ መስጂድ አንድ ሰው ተነሥቶ ክፍፍላቸውንና ፍርዳቸውን ነቀፈ።

በዚህ ዘገባ ሁለት ነገሮችን እናስተውላለን። አንደኛ፣ ያ ሰው የተናገረው ሰዕድ ፊት ለፊቱ ቆመው ሳለ ነው፤ ሆኖም በፊቱ የቆሙት ገዥው ሳይሆኑ የቀድሞው ገዥ ነበሩ። ሁለተኛ፣ ሰዕድ በሐሰት መከሰሳቸውን ቢያምኑም እጃቸውን ወደ አላህ አነሡ እንጂ በሰውየው ላይ አላነሡም። ዑመርም በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ ሰዕድን ኸሊፋ ከሚመርጡት ስድስት ሰዎች መካከል አስገቡ፤ ያነሣኋቸው በድክመት ወይም በክህደት አይደለም ብለውም ስማቸውን አጠሩ። እንግዲህ ሹምን አስቀድሞ ማንሣት በእርሱ ላይ መፍረድ አልነበረም። ምስክሩን ከፍርሃት፣ ሹሙንም ከሐሜት የሚያወጣ ሥርዓት ነበር።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን መንገድ ወደ ተቋም አሳደጉት። አቡ ዩሱፍ (ረሒመሁላህ) ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት ኪታቡል ኸራጅ ታማኝ ሰዎች ተልከው የግብር ሰብሳቢዎችን አድራጎት እንዲመረምሩ መክረዋል። በ450 ሂጅራ ያረፉት አል-ማወርዲ የመዛሊምን ችሎት ተግባራት ሲዘረዝሩ በቀዳሚነት ያስቀመጡት ገዥዎች በሕዝብ ላይ የሚያደርሱትን በደል፣ ግብር ሰብሳቢዎች ከልክ በላይ የሚወስዱትንና የመዝገብ ጸሐፊዎችን ሥራ ነው። በእነዚህ በሦስቱ ጉዳዮች ችሎቱ ከሳሽ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም ይላሉ። ትርፍ የተወሰደው ገንዘብ በይተል ማል ገብቶ ከሆነ ከዚያ፣ ሰብሳቢው ለራሱ አስቀርቶት ከሆነም ከእርሱ ተወስዶ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ከሳሽ አያስፈልግም የሚለው ድንጋጌ ለጎጃም ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው። ርስት የሌላቸው፣ በንግድና በሽመና የሚተዳደሩ ሙስሊሞች ባለ ርስቶች በሚመክሩበት ሸንጎ ድምፃቸው የሚሰማበት ዕድል ጠባብ ነበር። ከሳሽ የሚጠብቅ ችሎት የእነርሱን በደል ላያየው ይችላል። በአገራችን የታወቀው አውጫጭኝም የኩፋውን ምርመራ ይመስላል፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚያውቀውን ይናገራል። ነገር ግን አውጫጭኝ ሌባንና ቤት አቃጣይን ለማውጣት ያገለግል ነበር እንጂ ሰብሳቢው ራሱ ሹሙ ሲሆን ማን ሹሙን ያወጣል?

ለዚህ ሁሉ መሠረት የሚሆነው ሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ነው። አንቀጹ የተነገረው ስለ ዕዳ ውል ሲሆን ስለ ጸሐፊና ስለ ምስክር የሚናገረው ቃል በዐረብኛው ሁለት ንባብ ይቀበላል። በአንዱ ጸሐፊና ምስክር እንዳይጎዱ፣ በሌላው እነርሱም ሰውን እንዳይጎዱ ታዝዟል። ሙፈሲሮች ሁለቱንም ዘግበዋል። ለጠቋሚም ለሹምም ሚዛኑ ይኸው ነው፤ እውነት የተናገረ አይነካ፣ የተናገረም አይዋሽ።

ኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የእንባ ጠባቂ ተቋምን፣ በ1993 ዓ.ም. የፀረ ሙስና ኮሚሽንን በአዋጅ አቋቁማለች። በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች የጥበቃ ሕግ አውጥታለች። የጠቋሚን ማንነት መሰወርን የሚያካትት ይህ ሕግ ለአቤት ባይ ትልቅ እመርታ ነው። ሆኖም በአንዲት አነስተኛ ከተማ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገቡን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ከሆኑ ስም መሰወሩ ብዙም አይጋርድም። እዚያ ጠቋሚውን ከዝውውር፣ ከደረጃ ዝቅታና ከስንብት የሚያድነው የኩፋው ቅደም ተከተል ነው። ሹሙ ክብሩና ደመወዙ ተጠብቆ ለጊዜው ከወንበሩ ይነሣ፤ ከዚያ ይጠየቅ፤ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘም በአደባባይ ይመለስ። ጎጃም በ1960 ዓ.ም. ይህን ብታገኝ ኖሮ የአቤቱታው መልስ በአውሮፕላን ባልመጣ ነበር።