ከመዝገቡ ወደ አንቀጹ

እናንተ ዘንድሮ በሕግ የተመረቃችሁ ልጆች፣ እስቲ ጥቂት ቁጭ በሉና ስሙኝ። የሁላችሁም ጥያቄ አንድ ነው፤ «በየትኛው ልግባ?» ትላላችሁ። አንዱ ታክስ ያበላል ይላችኋል፣ ሌላው የባንክና የኢንሹራንስ ጉዳይ ያዙ ይላል፤ ወንጀል ያደክማል፣ የቤተሰብ ጉዳይ ደግሞ እንባው አያልቅም ይሏችኋል። ሁሉም የሚያውቀውን ነው የሚናገረው። እኔ ግን ምክሩን ትቼ የአንዲት የሕግ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ፤ የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን።

ወይዘሮ መዓዛ በ1956 ዓ.ም. አሶሳ ተወለዱ። የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው። እርሳቸው ከዚያው ትምህርት ቤት በ1978 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ጥቂት ቆይተውም በከፍተኛው ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት ዳኛ ሆኑ። ዳኝነቱን የያዙት በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው፤ መንግሥት ሲለወጥም ችሎት ላይ ነበሩ።

የዳኛ ወንበር ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ጠበቃ የሚያየው የደንበኛውን መዝገብ ነው፤ ዳኛ ግን የሁሉንም ያያል። ከዚያ ወንበር ሲነሡ በ1985 ዓ.ም. አካባቢ በሕገ መንግሥት ኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ሆኑ። እንግዲህ አስቡት፤ ትናንት በአሮጌው የወንጀል ሕግ ሲፈርዱ የነበሩ ሰው፣ ዛሬ አዲስ ሕገ መንግሥት በሚረቀቅበት ክፍል ተቀምጠዋል።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ። አንቀጽ 35 ሴቶች በጋብቻ ከወንዶች ጋር እኩል መብት አላቸው አለ። ጎጂ ልማድም የተከለከለ ነው አለ። ግሩም ነው! ግን በዚያው ቀን ጠዋት አንድ ዳኛ ችሎት ገብቶ የሚገልጠው መጽሐፍ የትኛው ነበር? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነዋ። እርሱ ደግሞ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይላል፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችላለች ይላል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግማ ከዚህም የባሰ ነበረው። የጠለፋ ቅጣት ከሦስት ዓመት እንዳይበልጥ ደነገገ፤ ጠላፊው ተጠላፊዋን በሕግ አግብቷት ከተገኘ ደግሞ ክሱም ይቀራል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ከብት ተሰጥቶ፣ ልጅቷ «እሺ» እንድትል ከተደረገ ወንጀሉ ሰርግ ሆነ ማለት ነው።

እኔ እንደማስበው የወይዘሮ መዓዛ ሙያ የተመረጠው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። እኩልነትን የሚያውጅ ሕገ መንግሥት አለ፣ እኩልነትን የሚነሣ ኮድ አለ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ጠበቃ መቅጠር የማትችል ሴት ቆማለች። ክፍተቱን ብዙ ሰው ያየዋል፤ እርሳቸው ገብተው ሠሩበት። እ.ኤ.አ. በ1995 ከሙያ እኅቶቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ፤ ሥራ አስኪያጅም ሆኑ። ማኅበሩ ለሴቶች ያለ ክፍያ ምክር ይሰጥ፣ አቤቱታ ይጽፍ፣ ችሎት ይቆም ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ከአርሲ አንድ ጉዳይ መጣ። የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ከመካከላቸው አንዱ ደፈራት፤ ሚስቴ ትሆናለች አለ። ልጅቷ ጠመንጃውን ይዛ አመለጠች፤ ተከትሎ ሲደርስባት ተኮሰች፣ ሞተ። ዐቃቤ ሕግ በነፍስ ግድያ ከሰሳት። የማኅበሩ ጠበቆች ራሷን ስትከላከል ነው ብለው ቆሙላት። ክርክሩ ተራዘመ፤ በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ በነፃ አሰናበታት።

ብዙ ጠበቃ እዚህ ላይ መዝገቡን ዘግቶ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ይሄዳል፤ ክፉ ሥራም አልሠራም። ግን ልብ በሉ። ልጅቷ ነፃ በወጣችበት ቀን ጠለፋን በጋብቻ የሚያስተሠርየው አንቀጽ በቦታው ነበር፤ በማግስቱ ለምትጠለፈው ልጅ እየጠበቃት። የአንድ ሙያ ባለቤት ከተራ ተከራካሪ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንድ ዓይነት አቤቱታ ደጋግሞ ያየ ሰው፣ ከተከሳሹ ጀርባ ሕጉ ራሱ ቆሞ ይታየዋል። ማኅበሩም የቤተሰብ ሕጉና የወንጀል ሕጉ ይሻሻል ብሎ ዓመታት ወተወተ፤ ጥናት አቀረበ፣ መድረክ ጠራ፣ የምክር ቤት አባላትን አነጋገረ።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፣ ባል የቤተሰብ ራስ ነው የሚለውም ወደቀ። አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 587ን አውጡና አንብቡት፤ ሴትን በኃይል የጠለፈ ከሦስት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። የድሮው ሕግ ጣሪያ የአዲሱ ወለል ሆነ። በኋላ የሚደረግ ጋብቻም ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም። ይህን አንድ ሰው ብቻውን አላመጣውም፤ በየክልሉ የጮኹ ሴቶች፣ ረቂቁን የጻፉ ባለሙያዎች፣ ድምፅ የሰጡ እንደራሴዎች አሉበት። ጩኸቱን በሕግ ቋንቋ የጻፉት ግን እነዚያ ጠበቆች ነበሩ።

ይህ መንገድ አበባ የተነጠፈበት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ማኅበሩ ለጥቂት ጊዜ ታገደ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 621 መጣ፤ በሴቶች መብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከለከለ። ማኅበሩ ብዙ ሠራተኞቹን አሰናበተ። አዋጁ እስኪሻር አሥር ዓመት ፈጀ። የመብት ጉዳይ የሚመርጥ ልጅ ይህንን አውቆ ይግባ፤ ደሞዙ ሊቋረጥ ይችላል።

ወይዘሮ መዓዛም አንድ ቦታ አልቀሩም። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በሥርዓተ ጾታ አማካሪነት ሠሩ፤ ከእናት ባንክ መሥራቾች አንዷ ሆነው ቦርዱን መሩ። ቦታው ይለያያል እንጂ ጉዳዩ ያው ነው፤ ሴት ልጅ በሕግም በንብረትም ሙሉ ሰው ትሁን የሚል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. መሩት።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። የአርሲዋን ልጅ ስም ያልጠራሁት ሆን ብዬ ነው። ታሪኳ «ድፍረት» በተባለ ፊልም ዓለም ዞረ፤ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ሊታይ ሲል ግን ፍርድ ቤት እግድ ሰጠ፤ አቤት ካሉት አንዷ እርሷ ነበረች። የደንበኛ ቁስል የደንበኛው ነው። በመዝገቧ ስማችሁ ቢገንም ታሪኩን የመናገር መብት የእርሷ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን የማያከብር ሰው ምንም ያህል ሕግ ቢያውቅ ጉዳዬን አልሰጠውም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ታክስ ብትመርጡ አልቃወምም፤ አገር ጥሩ የታክስ ጠበቃ ያስፈልጋታል። የንግድ ሕጉም በ2013 ዓ.ም. ታድሷል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የጥብቅና አዋጅ ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ በር ከፍቷል፤ ሥራ ሞልቷል። ግን ከመምረጣችሁ በፊት ብዙ መዝገብ እዩ። ችሎት ግቡና ከኋላ ተቀመጡ፤ ዩኒቨርሲቲዎች የከፈቷቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ሄዳችሁ አቤቱታ ጻፉ። ደጋግሞ የሚመጣውን ጉዳይ ለዩ፤ የሚሸነፈው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ከሆነ የትኛው አንቀጽ እንደሚያሸንፈው ፈልጉ። ስለ ፌደራል ጠበቆች ሥነ ምግባር የወጣው ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ፈቃድ ባይኖራችሁም ያንን ያህል ሰዓት ከዘንድሮው ዓመት ላይ ቀንሳችሁ ስጡ፤ ሙያችሁን ከዚያ በኋላ ምረጡ።