ደብዳቤውን ማን ያንብብ? በሁለት ቋንቋ የማንበብ ታሪካችንና ልጆቻችን

ባለፈው የወር ስብሰባችን ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ አንዲት እኅታችን ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ አውጥታ አሳየችን። የጻፉት እናቷ ናቸው፤ የጻፉት ግን ለእሷ ሳይሆን እዚህ አሜሪካ ለተወለደችው የልጅ ልጃቸው ነው። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ በእንግሊዝኛ ንባብ ከክፍሏ የምትመሰገን ናት። የአያቷን ደብዳቤ ግን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና «እማዬ፣ አንቺ አንብቢልኝ» አለች። እናቷም አነበበችላት።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ እኛ ግን ዝም አልን። አብዛኞቻችን በልጅነታችን ለእናቶቻችንና ለጎረቤት የደብዳቤ አንባቢዎችና ጸሐፊዎች ነበርን። ያን ጊዜ ልጅ ለእናት ያነብ ነበር፤ ዛሬ እናት ለልጅ ታነባለች። ይህ እንዴት እንደ መጣ በዚያ ቀን የተጨዋወትነውን አሰባስበን ለማኅበራችን አባላት እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ልጅ በሁለት ቋንቋ መኖሩ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በየኔታ ዘንድ የሚማር ልጅ ከፊደል ገበታው ላይ 231ዱን ፊደል በስንደዶ እየጠቆመ ይቆጥራል። ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ በመጨረሻም ዳዊት ይከተላል። ቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ የመጀመሪያ ንባቡ በግእዝ ነበር ማለት ነው። የወሎው ሙስሊም ልጅም እንዲሁ ቤቱ በአማርኛ እያወራ በቁርኣን ቤት ከሉሕ ላይ ዐረብኛ ያነብ ነበር። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ ደግሰው ያስመርቁታል። ልጁ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያነበውን ቃል ትርጉም አያውቀውም፤ ሲሳሳት አለንጋ አለ። የሚያስቀው፣ የሚያስፈራውና የሚያስደስተው ተረት የሚነገረው ማታ እሳት ዳር፣ በእናቱና በአያቱ አፍ ነው። ንባቡ በአንዱ ቋንቋ፣ ደስታው በሌላው ቋንቋ ሆኖ ቆየ።

ሴት ልጅ ደግሞ ከንባቡ ድርሻ እምብዛም አልደረሳትም። እንደ እቴጌ ጣይቱ ያሉ የመኳንንት ልጆች ግእዝ ተምረዋል። የገበሬው ሴት ልጅ ግን ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም ትውል ነበር። ተረቱን ሁሉ የምታውቀው እሷ ሆና አንዱንም መጻፍ የማትችለውም እሷ ሆነች።

እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከግብፅ የመጡ ቅብጥ መምህራን የውጭ ቋንቋ ያስተምሩ ጀመር። በ1931 ደግሞ ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የትምህርት ቤቱ ዋና የውጭ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንደኛ ደረጃ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ተወሰነ። ስድስተኛን ጨርሰን ሰባተኛ ስንገባ የሳይንሱ መጽሐፍ በአንድ ክረምት ባዕድ እንደ ሆነብን ከመካከላችን ታላላቆቹ ያስታውሳሉ። በቤቷ ኦሮምኛ ተናግራ ያደገች እኅታችን ደግሞ «እናንተ አንድ ጊዜ ነው የተደናገጣችሁት፤ እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ በአማርኛው፣ ሰባተኛ ስገባ በእንግሊዝኛው፣ ሁለት ጊዜ ደንግጫለሁ» አለችን። እውነቷን ነው።

የእናቶቻችን ተራ የመጣው በ1979፣ በእኛ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ክረምት፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ነው። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በ1980ም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። የዘመኑን መከራ አንረሳም፤ ብዙዎቻችንን ለስደት የዳረገን እሱ ነው። ሆኖም እናቶች ልጅ አዝለው፣ ከልጆቻቸው እኩል ቁጭ ብለው ስማቸውን መጻፍ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። የዚያች ደብዳቤ ጸሐፊም ከእነሱ አንዷ ናቸው። በጎልማሳነታቸው በስንት ድካም የተማሩት ፊደል ነው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አንባቢ ያጣው።

ለምን አጣ? ራሳችንን መጠየቅ ነበረብን። አንዲት እኅታችን ልጇ ትምህርት ሲጀምር «በቤት እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩት» ተብላ እንደ ነበር ነገረችን። ሁለት ዓመት እንዲሁ አደረገች። «እንግሊዝኛውን መቼም ከጓደኞቹ ይለምደው ነበር፤ ከአያቱ ጋር መጫወቱ ግን ቀረበት» አለች። ሌሎቻችን አማርኛውን አልተውንም። ግን የምንናገረው ምንድን ነው? «ጫማህን አውልቅ፣ ብላ፣ ስልኩን አስቀምጥ፣ ተኛ»። ተረቱና ሳቁ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ፣ ትእዛዙ በእኛ ቋንቋ ሆነ። የጥንቱ ልጅ ደስታው በእናቱ ቋንቋ ነበር፤ የእኛ ልጆች ደስታ ግን ከእናታቸው ቋንቋ ወጣ። ቅዳሜ ፊደል ስናስቆጥራቸውም አለንጋው ቢቀር ቁጣው አልቀረም።

መንገድ ያሳየን ሰው አለ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ አጡ። በ2002 የሞኙን ማሞ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በሥዕል አሳምረው አሳተሙ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። በሐዋሳም አህያ የሚስበው ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ ወደ ልጆች ይሄድ ጀመር። ልጁ ወደ መጽሐፉ እስኪመጣ አልተጠበቀም፤ መጽሐፉ፣ ያውም በሚያስቅ ተረት፣ ወደ ልጁ ሄደ።

እኛም ከዚህ ተነሥተን በየቤታችን የሞከርነው ይህ ነው። በሁለት ቋንቋ የተጻፈውን መጽሐፍ እናት አማርኛውን፣ ልጅ እንግሊዝኛውን እየተቀባበሉ ያነባሉ፤ አንዳንድ ቀንም ይቀያየራሉ። አያት በስልክ ተረት ሲነግሩ እንቀዳለን፤ ልጆቹ በሁለቱም ቋንቋ ጽፈው፣ ሥዕል ሥለው፣ ወረቀቱን በመርፌና በክር ሰፍተው መጽሐፍ ያደርጉታል። ፊደሉን ከማስቆጠራችን በፊትም እንጫወታለን፤ ምክንያቱም አማርኛን ቋንቋውን ሳያውቁ በትክክል ማንበብ አይቻልም። «ገና» የሚለውን ጠብቆ ይሁን ላልቶ፣ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» ለማለት፣ የሚነግረን ፊደሉ ሳይሆን ጆሯችን ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ በ26 ፊደል ብቻ ቢጻፍም ብዙ ቃል አንድ በአንድ አጻጻፉን ማጥናት ይጠይቃል። ሁለቱን ማወዳደር ለልጆቹ ጨዋታ ሆኖላቸዋል።

ሁሉም አልተሳካም። ከፍ ያሉት ወንዶች ልጆች አሁንም ያመልጡናል፤ ከሥራ ደክመን የምንመጣበትም ቀን ብዙ ነው። ያቺ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን ለአያቷ መልስ ጽፋለች። አራት መስመር ነው፤ «ሐ»ውና «ኀ»ው ተቀያይሯል፤ እናቷ እንድታርመው ብትጠይቅም እኛ «ተዪው፣ እንዳለ ይሂድ» አልናት። አያቷ ማንም ሳያነብላቸው ራሳቸው አንብበውታል።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን ከእናቶቻችን የሰማነውን አንድ አንድ ተረት ይዘን እንምጣ። መጻፍ የሚከብዳት ትንገረን፤ ልጆቻችን ይጽፉላታል።