መዶሻ ሲፈለግ የተገኘ ሣጥን

በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ከሮማውያን ዘመን ወርቅና ብር ጋር አብሮ የተመዘገበ አንድ መዶሻ አለ። ጥንታዊ አይደለም፤ በየገበሬው ቤት የሚገኝ የዘመናችን መዶሻ ነው። ሙዚየም የገባው ለራሱ ሲባል ሳይሆን እሱ ሲፈለግ በተገኘው ነገር ምክንያት ነው።

ነገሩ የሆነው ኅዳር 7 ቀን 1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1992) በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ አውራጃ፣ ሆክስን በምትባል መንደር አጠገብ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። መሬቱ የአውራጃው ምክር ቤት ሲሆን፣ ተከራይቶ የሚያርሰው ፒተር ዋትሊንግ የሚባል ገበሬ ነበር። መዶሻው እማሳው ላይ ጠፋበት። ወዳጁ ኤሪክ ሎውስ በአትክልተኝነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሥራውን ሲያቆም ሜታል ዲቴክተር የሚባለውን ብረት ጠቋሚ መሣሪያ በስጦታ አግኝቶ ነበርና መዶሻውን ሊፈልግለት ወጣ። ሳኦል የአባቱን አህዮች ፍለጋ ወጥቶ ለንግሥና ተቀብቶ ተመለሰ። የሎውስም ዕጣ ከዚያ ብዙ አይርቅም። መሣሪያው ጮኸ፤ ቆፈረ፤ የብር ማንኪያ፣ የወርቅ ጌጥ፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ ይወጣ ጀመር። ሁለት ፌስታል ሞላ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው እኔን ይህን ታሪክ ወደ መጻፍ ያመጣኝ። መቆፈሩን አቆመ። የቀረውን እንዳለ ትቶ ከገበሬው ጋር ለፖሊስና ለአውራጃው ምክር ቤት አስታወቁ።

ይህ ውሳኔ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት መሣሪያው ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይረዳል። በሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው የመግነጢስ መስክ ከመሬት በታች ያለ ብረታ ብረት ላይ ሲደርስ፣ በብረቱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። መሣሪያው ያንን ምላሽ ይሰማና ይጮኻል። ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1881 በጥይት የቆሰሉትን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ጥይቱ የት እንዳለ ለማወቅ በዚሁ ዘዴ ሞክሮ አልሆነለትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ፖላንዳዊው መኮንን ዮዜፍ ኮሳትስኪ የሠራው ፈንጂ መፈለጊያ በኤል አላሜይን በረሃ ለእንግሊዝ ጦር መንገድ ከፈተ። ከጦርነቱ በኋላ መሣሪያው ቀለለ፣ ረከሰም፤ በ1970ዎቹ ብዙ እንግሊዛዊ ቅዳሜና እሑድ ይዞት በየእርሻው የሚዞረው መዝናኛ ሆነ። መሣሪያው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሰማው፤ ብረታ ብረት። እንጨቱን፣ ጨርቁን፣ ድርቆሹን፣ የአፈሩን የቀለም ለውጥ አይሰማም። የሚቆፍረው ሰው ካላቆመ እነዚህ ሁሉ በአካፋ ይበተናሉ።

በማግሥቱ የሰፎክ አርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ወሬው ሳይወጣ በድብቅ መጡና ጉድጓዱን በአንድ ቀን አወጡት። በየሳንቲሙ እየለቀሙ አይደለም። ሎውስ ያልነካውን ክፍል ከነአፈሩ በትልልቅ ጓል ቆርጠው አነሡትና በቤተ ሙከራ በቀስታ እንዲፈታ አደረጉ። ገበሬው ያጣው መዶሻም በዚሁ ፍለጋ መሀል ተገኘ። ወሬው በጋዜጣ ለመውጣት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የፈጀበት።

ከአፈሩ የወጣው ብዛት ራሱ ያስደንቃል፤ 14,865 ሳንቲም። ከዚህ ውስጥ 569ኙ ወርቅ፣ 14,272ቱ ብር፣ 24ቱ ነሐስ ናቸው። ከሳንቲሙ ሌላ ሃያ ዘጠኝ የወርቅ ጌጣ ጌጥ፣ አንድ መቶ ገደማ የብር ማንኪያና ጭልፋ፣ ሌሎችም የብር ዕቃዎች ነበሩ። በክብደት 3.5 ኪሎ ወርቅና ወደ 24 ኪሎ የሚጠጋ ብር ማለት ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ሁለት ፌስታልም ይነግረን ነበር። ፌስታል የማይነግረን አቀማመጡን ነው።

ሀብቱ የተቀበረው ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 45፣ ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የኦክ እንጨት ሣጥን ውስጥ ነበር። እንጨቱ በአሥራ ስድስት ክፍለ ዘመናት ውስጥ በስብሶ ከአፈር ጋር ተዋህዷል። ቢሆንም ማጠፊያዎቹና ሌሎች የብረት ክፍሎቹ ወድቀው የተገኙበት ቦታ የሣጥኑን መጠን አሳየ። በትልቁ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ሙዳዮች ነበሩ፤ ጥቃቅን የብር ጓጉንቸሮች ተርፈዋል። ዕቃው እንዳይጋጭ አንዳንዱ በሱፍ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንዳንዱ በድርቆሽ ተደላድሎ ነበር። ይህን ሳነብ አንድ ሰው፣ ወይም አንድ ቤተሰብ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ማንኪያውን በአንድ ወገን፣ አምባሩን በሌላ ወገን እያስቀመጠ ሲያሽግ ይታየኛል። በድንጋጤ የተጣለ ሀብት አይደለም። ተመልሶ ሊወስደው ያሰበ ሰው ነው የቀበረው። ያልተመለሰበትን ምክንያት ግን ሣጥኑ አይናገርም።

መቼ ተቀበረ? እዚህ ላይ አንባቢ ቸኩሎ እንዳይወስን እፈልጋለሁ። በስብስቡ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሳንቲሞች በ407 እና በ408 መካከል የተመቱ፣ በብሪታንያ ያለው ጦር ንጉሠ ነገሥት ብሎ ያነገሠው የሣልሳዊ ቆስጠንጢኖስ ናቸው። ስለዚህ ሣጥኑ ከ407 በፊት አልተቀበረም። ይህ ግን በ408 ተቀበረ ማለት አይደለም። ከብር ሳንቲሞቹ የሚበልጠው ክፍል ጠርዙ ተከርክሟል። የንጉሡ ፊት ሳይነካ ዙሪያው ብቻ ተቆርጦ፣ ከቁራጩ ብር ሌላ ሳንቲም ይሠራ ነበር፤ በስብስቡ ውስጥ በአገር ቤት የተሠሩ ከ400 በላይ አስመስሎዎች አሉ። አዲስ ገንዘብ ከሮም መምጣቱ ሲቆም ሰዉ ያለውን እየከረከመ ሲገበያይ ቆይቷል ማለት ነው። ያ ደግሞ ዓመታት ይፈልጋል። ከመጨረሻው ሳንቲም መመታት እስከ መቀበሩ ምናልባት አሥር፣ ምናልባትም ከዚያ በጣም የሚበልጥ ዓመት አልፎ ይሆናል፤ እኔ ረዘም ያለው ጊዜ ወደ እውነት ይቀርባል ባይ ነኝ። የሮም አስተዳደር ከብሪታንያ ሲወጣ ምን እንደተሰማ የሚነግረን ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነው። እነዚህ የተከረከሙ ጠርዞች ግን ከተራው ሰው እጅ የወጡ ሰነዶች ናቸው።

ስሞችም አሉ። በአንድ የወርቅ አምባር ላይ ለአምባሩ ባለቤት የተጻፈ መልካም ምኞት አለ፤ ዩሊያኔ የምትባል እመቤት በደስታ እንድታደርገው የሚመኝ ነው። በበርካታ ማንኪያዎችና ጭልፎች ላይ አውሬሊየስ ኡርሲኪኑስ የሚል ስም ተቀርጿል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ሁለቱን ባልና ሚስት አድርገው ይተርካሉ። ለዚህ ግን አንድም ማስረጃ የለም። ማንኪያው በውርስ የመጣ፣ በስጦታ የተሰጠ ወይም የተገዛ ሊሆን ይችላል። ስሙ የቤቱ ጌታ ነው ብሎ መደምደም፣ በአንድ ቤት የተገኘ መጽሐፍ ላይ ያለ ስም የቤቱ ባለቤት ነው እንደ ማለት ነው።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ይበልጥ እኔን ያቆዩኝ አራቱ የብር ቁንዶ በርበሬ መነስነሻዎች ናቸው። አንዱ በአንዲት ጌጠኛ እመቤት ምስል የተሠራ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ክብ ሲዞር ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ቁንዶ በርበሬ በብሪታንያ አይበቅልም። ከህንድ ማላባር ዳርቻ ተነሥቶ በሞንሱን ነፋስ ውቅያኖሱን አቋርጦ፣ በቀይ ባሕር ወጥቶ፣ በግብፅ በኩል ነው ወደ ሮም ግዛት የሚገባው። በዚያው ቀይ ባሕር ዳር የአክሱም ወደብ አዱሊስ ነበረች፤ አክሱምም በዚያ ዘመን በራሷ ስም ወርቅ የምትመታ መንግሥት ነበረች። በ408 የጎቶች ንጉሥ አላሪክ ሮምን ከቦ ካሳ ሲጠይቅ፣ ከወርቅና ከብሩ ጋር ሦስት ሺህ ሊብራ (የሮማውያን ፓውንድ) ቁንዶ በርበሬ አስጨምሯል። በሰፎክ መንደር ማዕድ ላይ የሚነሰነሰው ቅመም የስንት ባሕር ጉዞ እንደሆነ ለማወቅ ይህችን የብር ሴት ማየት ይበቃል።

ስለ ሕጉ በአጭሩ እናገራለሁ። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ፣ ባለቤቱ ተመልሶ ሊወስደው በማሰብ የደበቀውን ወርቅና ብር የዘውድ ሀብት ያደርገዋል፤ በሐቅ ላስታወቀው አግኚ ግን ዋጋው ይከፈላል። በሴፕቴምበር 1993 የሟች ጉዳይንና እንዲህ ያለውን ግኝት የሚያጣራው ዳኛ፣ ኮሮነር የሚባለው፣ የሆክስኑ ሀብት በዚህ ሕግ ሥር እንደሚወድቅ ወሰነ። የተገመተው ዋጋ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ። ክፍያው በሕግ ለሎውስ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ለገበሬው አካፈለው። ሙዚየሙም በ1994 ገዛው። በ1996 የወጣው አዲሱ የሀብት ሕግ ለመሬቱ ባለቤትና ለተከራዩ ገበሬም ድርሻ እንዲኖራቸው አደረገ፤ በ14 ቀን ውስጥ ማስታወቅንም ግዴታ አደረገ። በተጓዳኙም በ1997 በተጀመረው የምዝገባ አሠራር፣ መሣሪያውን ለመዝናኛ የሚይዙ ሰዎች በፈቃዳቸው ያስመዘገቡት ዕቃ ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። ከዚያ በፊት አርኪዮሎጂስቶቹና እነዚህ ሰዎች የሚተያዩት በጠላትነት ነበር። ሆክስን ያንን ግንኙነት ለማለዘብ የረዳ ይመስለኛል።

ሁሉም እንደ ሎውስ አይደለም። በጁን 2015 ሁለት ሰዎች በሄርፎርድሻየር፣ ሌምስተር ከተማ አካባቢ ባለ እርሻ ላይ የዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሀብት አገኙ፤ ወደ 300 የሚገመቱ ሳንቲሞች፣ ጥፍጥፍ ብር፣ የወርቅ ጌጥ። አላስታወቁም። ሳንቲሞቹን ለየገዢው በተኑ። ፖሊስ ከአንደኛው ስልክ የተሰረዙ ፎቶዎችን መልሶ ሲያወጣ ነበር ስፋቱ የታወቀው፤ በ2019 ፍርድ ሲሰጥ በእጅ የነበሩት ሳንቲሞች 31 ብቻ ነበሩ። ሁለቱ በ10 ዓመትና በ8 ዓመት ተኩል እስራት ተቀጡ፤ ቅጣቱ በይግባኝ ተቀነሰ።

የጠፋው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልቆጭም ነበር። ከሳንቲሞቹ አንዳንዶቹ ሁለት ነገሥታትን ጎን ለጎን ተቀምጠው ያሳያሉ፤ ሳንቲሞቹ የተመቱት በአንድ በኩል በዌሴክስ መንግሥት ንጉሥ በአልፍሬድ፣ በሌላ በኩል በመርሲያ መንግሥት ንጉሥ በቼልውልፍ ነው። በአልፍሬድ ቤት የተጻፈው ዜና መዋዕል ቼልውልፍን የቫይኪንጎች መሣሪያ የሆነ ከንቱ ሰው አድርጎ ነው የሚያልፈው። ሳንቲሙ ግን ሁለቱ እኩል አጋሮች እንደነበሩ ይመሰክራል። ዜና መዋዕል ያጠፋውን ሰው ሳንቲም ሊመልስ ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር፣ በኦክስፎርድሻየር ዋትሊንግተን አካባቢ ሌላ ሰው የዚያኑ ዘመን ሀብት አግኝቶ ቆመ፤ ባለሙያ ጠራ፤ ከነአፈሩ ተነሣ። ስለ ሁለቱ ነገሥታት ኅብረት ዛሬ በልበ ሙሉነት የምንናገረው በአብዛኛው ከዚህኛው ተነሥተን ነው።

ይህን የምጽፈው ስለ እንግሊዝ ብቻ እያሰብኩ አይደለም። በአክሱም ዙሪያ ክረምት አፈሩን ሲያጥበው ከማሳው ላይ ሳንቲም ይወጣል፤ ገበሬውም ልጁም ያነሡታል፤ ለእንግዳ ይሸጣል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ መታወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድም መቆፈር ክልክል ነው። ቦታው ከታወቀ ምን ያህል እንደሚገኝ የሚያሳይ ምሳሌ ከባሕር ማዶ አለ። በየመን አል-ማዳሪባ በተባለ ቦታ ከብዙ የሮም ወርቅ ጋር ከ300 በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት ተገኝተዋል። የአክሱም ብርና ነሐስ በብዛት በአገር ቤት ሲገኝ፣ ወርቋ ግን በብዛት ከባሕር ማዶ እንደሚገኝ የሚያሳየን እንዲህ ያለ የቦታ መዝገብ ነው። ወርቁ ለውጭ ንግድና ለመንግሥት ጉዳይ፣ ነሐሱ ለየዕለቱ ገበያ እንደነበር ያወቅነውም ከዚህ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ሣጥን ውስጥ ግን የዚህ የቦታ መዝገብ ተቃራኒ ተደርድሯል። መስቀል ያለበት፣ አገሩን ደስ ይበለው የሚል ምኞት በግሪክ ፊደል የተጻፈበት የነሐስ ሳንቲም ነው። በመግለጫው ላይ ክብደቱ በግራም ተጽፏል፤ ዋጋውም ተጽፏል። የተገኘበት ቦታ የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው።