የሕክምና ላቦራቶሪ አክሬዲቴሽን ለተገልጋዩ ምን ማለት ነው?

ማንኛውም የጤና ተቋም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል የብቃት ማረጋገጫና ፈቃድ የማግኘት ግዴታ አለበት። አክሬዲቴሽን ግን ከዚህ ይለያል። ተቋሙ በራሱ ፍላጎት አመልክቶ የሚያገኘው የብቃት ዕውቅና ሲሆን፣ ባያገኘውም ፈቃዱን ይዞ በሕጋዊነት መሥራት ይችላል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ፤ በእንግዳ መቀበያ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ሁሉ አክሬዲቴሽን አይደለም።

በአገራችን አሠራሩ ጎልቶ የሚታየው በሕክምና ላቦራቶሪዎች ነው። የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ላቦራቶሪዎችን የሚገመግመው አይኤስኦ 15189 በተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ነው። ገምጋሚዎች የሕንፃውን ውበት ለማየት አይመጡም። የመሣሪያው ልኬት መቼ እንደተረጋገጠ፣ ባለሙያው ለሚሠራው ምርመራ ብቃቱ መመዘኑን፣ ናሙናው ከታካሚው ከተወሰደበት ውጤቱ እስከተሰጠበት ጊዜ ያለፈበት ሂደት መመዝገቡን ያጣራሉ። ላቦራቶሪው ትክክለኛ ውጤታቸውን ላኪው ብቻ በሚያውቃቸው ናሙናዎችም በየጊዜው ይፈተናል። ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተሳሳተ የደም ስኳር ውጤት ታካሚውን ለማያስፈልገው መድኃኒት ይዳርጋል፣ በስህተት ነፃ የተባለ የቲቢ ናሙና ደግሞ ቤተሰቡን ጭምር ለበሽታ ያጋልጣል።

በአንድ ጊዜ እዚህ ለመድረስ ለሚቸገሩ ላቦራቶሪዎች በዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጣና ቢሮ የተዘጋጀ፣ በኮከብ የሚለካ የደረጃ በደረጃ መሻሻያ አለ። ከ55 በመቶ በታች ያገኘ ኮከብ አይሰጠውም፤ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘ አምስት ኮከብ ይሰጠዋል። ሆኖም አምስት ኮከብም ቢሆን አክሬዲቴሽንን አይተካም።

ተገልጋዩ በተለይ ሊያስተውለው የሚገባው፣ አክሬዲቴሽን ለላቦራቶሪው በጅምላ ሳይሆን ተለይተው ለተዘረዘሩ ምርመራዎች የሚሰጥ መሆኑን ነው። ለኤችአይቪ ምርመራ ዕውቅና ያገኘ ላቦራቶሪ ለታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ከምስክር ወረቀቱ ጋር የተያያዘውን የአክሬዲቴሽን ወሰን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ የታዘዘልዎት ምርመራ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩንና የአገልግሎት ዘመኑ አለማለፉን ይመልከቱ። ዕውቅናው በክትትል ግምገማ ሊታገድ ወይም ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ሲኖርዎት ከአክሬዲቴሽን አገልግሎቱ ማረጋገጥ ይሻላል።

አክሬዲቴሽን የሌለው ላቦራቶሪ ውጤቱ ስህተት ነው ማለት አይደለም፤ ብቃቱ በዚህ መንገድ በገለልተኛ አካል አልተመሰከረም ማለት ብቻ ነው። በውጤትዎ ላይ ቅሬታ ካለዎት በቅድሚያ ለላቦራቶሪው በጽሑፍ ያቅርቡ፤ አክሬዲት የተደረገ ላቦራቶሪ ቅሬታ ተቀብሎ የማጣራት ሥርዓት እንዲኖረው ደረጃው ያስገድዳል። የፈቃድ ጉዳይ ከሆነ ግን የሚመለከተው የአካባቢዎ የጤና ተቆጣጣሪ አካል ነው።